የመንገዱ ወረቀት

አባቴ አገውኛ የሚናገሩት ሲቆጡና ሲያዝኑ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ቃላቸው አማርኛ ነው፤ ያውም ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ከሌላው ለይተው የሚያወጡት አማርኛ። ስለዚህ በልጅነቴ ከእልፍኝ ድምፃቸው ሲሰማ፣ ምን እንዳሉ ባላውቅ እንኳ በቋንቋው ብቻ የቤቱን ውሎ እረዳ ነበር።

የተወለድኩት ጣልያን ከወጣ በኋላ በዋግ አገር፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው የድንጋይ ቤት ነው። እናቴ እኔን በወለደች በሰባተኛው ቀን ሞተች። ከተከዜ ዳር፣ ከእኛው ከዝቋላ ቆላ አንዲት አራስ አመጡልኝ። የራሷን ወንድ ልጅ በአንድ ጡቷ፣ እኔን በሌላው ይዛ አሳደገችን። እማ እላት ነበር። ልጇ የጡት ወንድሜ ነው፤ ከአንድ ገበታ እየበላን አደግን። ነፍስ ሲያውቅ ለቄስ ትምህርት ወደ አገሩ ተመለሰ። እማ ግን እኔ እስክዳር ድረስ ከቤታችን አልወጣችም።

አባቴ ፊታውራሪ ነበሩ። ከጋዝጊብላ ደጋ እስከ ተከዜ ዳርቻ ጉልት ነበራቸው፤ ማሩም፣ ማሽላውም፣ ፍየሉም ወቅቱን እየጠበቀ ወደ ግቢያችን ይገባል። ይህን ስል ክፉ ጌታ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ስለ ክፉ ሰው መጻፍ ይቀለኝ ነበር። አባቴ እያንዳንዱን ደጅ ያውቁታል። ባላገሩ ለሙግት ሲቀርብ አቤቱታውን ከመስማታቸው በፊት፣ «እናትህ ያቺ እግሯን ያማት የነበረችው አይደለችም? አሁንስ ተሻላት?» ይሉታል። ሰውዬው ተፈርዶበት እንኳ እየመረቃቸው ይወጣል። በሬዋ ገደል ለገባባት ባልቴት ከራሳቸው ጥማድ አንዱን ፈትተው ሲሰጧት በዐይኔ አይቻለሁ። ሰውን ይወዱ ነበር፤ ግን ሰው ባለበት ቦታ እንዲቆይላቸው ነበር የሚወዱት። ይህንን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

በአሥራ አራት ዓመቴ ለላስታ ባላባት ልጅ ዳሩኝ። አልወለድኩም። በአምስተኛው ዓመት ባሌ በቅሎ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መለሰኝ። አባቴ በር ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹን ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቤትሽ ነው፤ ግቢ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ለዚያች አንዲት ቃል የከፈልኩትን ግን አሁን ልነግራችሁ ነው።

በዚያው ሰሞን አባቴ ለምክር ቤት አባልነት ተሾሙ። በጥቅምት በሰጋር በቅሎ ኮረም ይወርዳሉ፤ ከዚያ በመኪና አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ክረምቱን ደግሞ ለዕረፍት ሰቆጣ ይመለሳሉ። ዐይናቸው ላይ ሞራ መጋረድ የጀመረው ያኔ ነው። ጸሐፊያቸውን አያምኑትም ነበር። «ጸሐፊ የሚያነበው ለጌታው ነው፤ የሚያወራው ግን ለገበያው» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከማግባቴ በፊት የቤት መምህር ቀጥረውልኝ ንባብም ጽሕፈትም ተምሬያለሁ። ስለዚህ ሰቆጣ ሲሆኑ ዐይናቸው ሆንኩ። የሚመጣላቸውን አነባለሁ፣ የሚሉትን እጽፋለሁ። ኋላ ማኅተማቸውም እኔው ዘንድ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከዝቋላ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ መጡ። ቄሱ የጡት ወንድሜ ነበር። ቀስሶ፣ አግብቶ፣ ጢም አውጥቶ ነበር፤ ሲያየኝ ግን እንደ ልጅነታችን ግንባሬን በግንባሩ ነካ አደረገ። የመጡት ማመልከቻ ይዘው ነው። አባቴ ጠላ አስቀዱላቸውና፣ «አንብቢው» አሉኝ።

ወረቀቱን የጻፈው ወንድሜ ነበር፤ እጁ እንደ ብራና ጽሕፈት ያማረ ነው። ከኮረም እስከ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም እስከ ዝቋላ መኪና የሚያስገባ መንገድ እንዲወጣላቸው ይጠይቃል። «መንግሥት መሐንዲስና መቆፈሪያ ይስጠን፤ ጉልበቱን እኛ እንሰጣለን» ይላል። ከሥሩ የየአጥቢያው ሰው በአውራ ጣቱ ቀለም አትሟል። ከፊትም ከኋላም ወረቀቱ በጣት አሻራ ተሞልቷል።

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስጨርስ፣ «መልካም ነው። ለሚመለከተው አቀርበዋለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጅ ነሱ። ስሸኛቸው ወንድሜ ከበሩ ወደ ኋላ ቀረት አለና እንዲህ አለኝ፦

«እቴ፣ አደራሽን። ዝናብ ሲጠፋብን እህል የሚያደርሰን እግራችን ብቻ ነው። እግር ደግሞ ሲርበው አይሄድም።»

ተመልሼ ስገባ አባቴ ካባቸውን ደርበው እንደ ተቀመጡ ናቸው።

«መቼ ይላክ አባዬ? ደብዳቤውን ልጻፍ?»

«አይላክም።»

«ለምን?»

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «በወልድያ በኩል ሳልፍ አይቻለሁ። መኪና የገባበት አገር ለጌታው አይቆምም። መጀመሪያ ወጣቱ ለቀን ሥራ ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ ነጋዴ ይገባል። ከነጋዴው ኋላ ቀያሽ ይመጣል፤ ቀያሽ ደግሞ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት ‹ይህ መሬት የማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል። እስካሁን ጠይቆን የሚያውቅ የለም። እነዚህ ሰዎች የሚለምኑት መንገድ አይደለም፤ ሳያውቁት የእኔን መፍረስ ነው የሚለምኑት።»

«ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው?»

«ቀርቧል በያቸው። የምክር ቤት ነገር እንደሚቆይ ያውቃሉ።»

ወረቀቱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ፣ ከርስት ሙግት ወረቀቶች ሥር አስገባሁት። ማኅተሙ በእጄ ነበር። አንድ መሸኛ ጽፌ፣ ማኅተሙን መትቼ፣ ኮረም ለሚወርድ ነጋዴ ብሰጠው ማንም አያውቅም። ይህንን በዚያችው ሰዓት አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩትም ብዬ አልዋሽም። ግን ባሏ የመለሳት ሴት ነበርኩ፤ በዓለም ላይ «ግቢ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሣጥኑን ቆለፍኩ።

ወንድሜ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ሰቆጣ ይወጣል፤ ለደብሩ ዕጣንና ጧፍ ሊሸምት። ከቅዳሴ በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣና፣ ከእናቱ የተላከልኝን ማር ያስቀምጥና፣ «እቴ፣ ወረቀቱ ምን ደረሰ?» ይለኛል። «ምክር ቤት ነው፤ እየታየ ነው» እለዋለሁ። «እግዚአብሔር ያሳካው» ይልና ሌላ ጨዋታ ያመጣል። እንዲህ እያልን ብዙ ኅዳሮች አለፉ። በመጀመሪያው ዓመት ስዋሽ ማሩን ላነሣ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ኋላ ላይ እንደ ሰላምታ ሆነ።

በመካከሉ ጉልት ቀረ ተብሎ ታወጀ። አባቴ ዐዋጁን አስነበቡኝና፣ «ያለ መንገድም መጣብኝ» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አያምርባቸውም ነበር። ባላገሩ ግን ልማድ ሆኖበት ማሩንና ፍየሉን ማምጣቱን አልተወም፤ እኛም መቀበላችንን አልተውንም። ዐይናቸው ጨርሶ ሲጨልም ምክር ቤቱን ለቀው ቤታቸው ተቀመጡ። ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሩቅ አገር ወሬ እየሰሙ ይውሉ ነበር። የዝቋላን ወሬ ራዲዮው አይናገርም።

ዝናቡ አንድ ዓመት ሳሳ። በሁለተኛው ዓመት ቆላው ላይ ጨርሶ ቀረ። መጀመሪያ ገበያው በፍየል ተሞላ፤ ገዢ ግን የለም። ቀጥሎ በር መጣ፤ ሰው የቤቱን በር ነቅሎ ተሸክሞ ሊሸጥ ይመጣል። ለአባቴ ስነግራቸው፣ «ዋግ ድርቅ አጥቶ ያውቃል? አባቶቻችንም አልፈውታል» አሉኝ። አንድ የገበያ ቀን ግን፣ «ምሪኝና ልውረድ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ወረድኩ። እየዳሰሱ በሻጮቹ መካከል ሲያልፉ እጃቸው ረጅም እንጨት ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞፈር ነው ጌታዬ» አለ ባለቤቱ፤ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሞፈር ለምን ይሸጣል?»

«ለማገዶ ነው ጌታዬ። ቀንበሩም አለ።»

አባቴ ሞፈሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሰውየውን በአገውኛ አናገሩት፤ ለረጅም ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቤት እንደ ገባን ጎተራው ይከፈት አሉ። በግቢያችን በር ላይ በጋን ንፍሮ መቀቀል ጀመርን። ከዝቋላ የሚወጣው ሰው ግን እንደ ጎርፍ ነበር፤ ጎተራችንም ቶሎ ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ጠዋት በሩን ስንከፍት፣ ቅጥሩን ተደግፎ ያደረ ሰው ቀስቅሰነው የማይነሣበት ቀን መጣ። መጀመሪያ ስማቸውን እጠይቅ ነበር፤ ለፍታት እንዲሆን። ኋላ የሚነግረኝም ጠፋ።

አባቴ ለሚያውቋቸው ሹማምንት ሁሉ አስጻፉኝ። ያንን ሁሉ ደብዳቤ ስጽፍ ማኅተሙን ለመምታት እጄ አልዘገየም። በመጨረሻ ኮረም ላይ እህል መጥቷል የሚል ወሬ ደረሰን። አባቴ፣ «ራሴ እወርዳለሁ» አሉ። በተረፈችን በቅሎ አስቀምጬ፣ እኔ በእግሬ ልጓሟን ይዤ፣ በሦስተኛው ቀን ኮረም ገባን።

እህሉ ነበር። ጆንያው በሸራ ተሸፍኖ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። ኃላፊው ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ በድካም የነጣ ሰው ነው። አባቴን በክብር ተቀብሎ ወንበር ሰጣቸው።

«ፊታውራሪ፣ እህሉ የእናንተ ነው፤ አልከለከልኩም» አለ። «ግን በምን ላውጣው? መኪናዬ ከዚህ አያልፍም። በአህያ እንዳልል የአገሩ አህያ አልቋል።»

«ሰው ይሸከመዋል» አሉ አባቴ።

«የትኛው ሰው?»

ወጣቱ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሊነቅፋቸው አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቃቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ምክር ቤት ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ዘመን ይህ አገር መንገድ ጠይቆ አያውቅም እንዴ?»

እጄ በአባቴ ትከሻ ላይ ነበር። ትከሻቸው ሲወርድ ተሰማኝ።

«አልጠየቀም» አሉ።

ከነጋዴዎች ለምነን ባገኘናቸው ጥቂት አህዮች የሚቻለንን ጭነን ተመለስን። ዳገቱ ላይ ሰው ቁልቁል ሲወርድ እናገኛለን፤ ወደዚያው ወደ እህሉ። ከመንገዱ ዳር የተቀመጠው ሁሉ በሕይወት ያለ አልነበረም። አባቴ ስለማያዩ፣ «ምነው ቆምሽ?» ይሉኛል፤ «መንገዱ ጠቦ ነው» እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ድንገት፣ «ያ ወረቀት አለ?» አሉኝ።

«አለ አባዬ።»

«በቃልሽ ታውቂዋለሽ?»

አውቀው ነበር። እየሄድኩ አልኩላቸው። «ጉልበቱን እኛ እንሰጣለን» የሚለው ላይ ስደርስ፣ «ይበቃል» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ጉልበት ነበራቸው» አሉ። ይህንን በአማርኛ ነው ያሉት።

ሰቆጣ በገባን በሳምንቱ እማ መጣች። በበሩ ስትገባ አላወቅኋትም፤ ድምፅዋን ስሰማ ነው የጮህኩት። ብቻዋን ነበረች። አጥሚት አፈላሁላት፤ በማንኪያ አጠጣኋት። በሦስተኛው ቀን መናገር ስትችል፣ «ልጅሽስ?» አልኳት።

«ታቦቱን ጥዬ አልወጣም አለ» አለችኝ። «የቀሩት ካህናት አለቁ፤ ዲያቆንም የለው። ሚስቱንና ልጆቹን ራሱ ቀበረ። እኔን ‹ሂጂ› አለኝ። ‹እህቴ ዘንድ ሂጂ› አለኝ።»

በኋላ የመጣ ሰው ወንድሜን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውስጥ ጋቢውን ለብሶ ተኝቶ እንዳገኘው ነገረን። ሦስት ሰው ተባብሮ ነው የቀበረው፤ ከሦስት በላይ አልነበረም።

እማ አላለቀሰችም። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ ያልተጠየቅኩትን ነገርኳት፤ ወረቀቱ ከቤት ወጥቶ እንደማያውቅ፣ በየኅዳሩ የነገርኩት ሁሉ ውሸት እንደ ነበረ። እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

«ያውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አለመላኩን። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ስትዋሺ ጥፍርሽን እንደምትቆረጥሚ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን በየዓመቱ ይጠይቀኝ ነበር?»

«‹አንድ ዓመት እውነቱን ትነግረኛለች፤ ያን ጊዜ ሌላ ወረቀት ጽፌ ራሴ እወስደዋለሁ› ይል ነበር። አንቺን አልፎ መሄድ እንደ ክህደት ሆነበት። ‹እናታችን አንድ፣ ወተታችን አንድ› ይል ነበር።»

ይህንን ስትለኝ በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። ብትረግመኝ ኖሮ ዛሬ ለመናዘዝ የሚቀረኝ ያነሰ በሆነ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ መጣ። ደህና አድርጎ መጣ፤ የሚያርስ ግን አልነበረም። እማ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧን ታጠቀች።

«ወዴት ነው እማ?»

«ወደ አገሬ።»

«ማን አለሽ? እዚሁ ሁኚ፤ እኔ እጦርሻለሁ።»

«መቃብር አለኝ» አለች። ወደ ቤቱ ዞር ብላ ድንጋዩን፣ ደጃፉን፣ ደረጃውን አየች። «እዚህ ቤት ውስጥ የበላሁት አይወርድልኝም ልጄ። ይቅር ይበልሽ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ መቀመጥ ግን አልችልም።» እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋት። ለዘር ብዬ የቋጠርኩላትን ትንሽ ማሽላ ተቀበለችኝ፤ ሌላውን መለሰችልኝ። ዳግም አላየኋትም።

ያ ክረምት ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ራዲዮው አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ ሰዎች እየተያዙ መሆናቸውን ይናገር ጀመር። አባቴ የሚያውቁት ሰው ስም ሲጠራ ጣታቸውን ራዲዮው ላይ ያሳርፋሉ። መስከረም ላይ ሁለት የባላባት ልጆች ጠብመንጃ ይዘው መጡ።

«ፊታውራሪ፣ ተከዜን ተሻግረን እንሸፍት። እርስዎ ካሉ ሕዝቡ ይከተለናል።»

«ሽፍታን የሚያበላው ማን ነው?» አሏቸው አባቴ።

«ባላገሩ ነዋ።»

«ባላገሩ የት አለ?»

ወጣቶቹ ተያይተው ወጡ። አባቴን የወሰዷቸው ወታደሮች የመጡት ጥቂት ቆይተው ነው። አላንገላቷቸውም። አለቃቸው፣ «አባት፣ ይነሡ፤ ይፈለጋሉ» አለ። «ፊታውራሪ» አላለም። አባቴ ካባቸውን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ ሳመጣው ደግሞ እጃቸውን አሳርፈውበት፣ «ተይው፤ ጋቢው ይበቃኛል» አሉ።

የገበያ ቀን ነበር። በቅሎ ላይ አስቀምጠዋቸው በገበያው መካከል ሲያልፉ ሕዝቡ መንገዱን ለቆ በሁለት ወገን ቆመ። እኔ ከጎናቸው እየሄድኩ ነበር። ወታደሮቹ አልከለከሉኝም።

«ሰው አለ?» አሉኝ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አለ። ብዙ ሰው ነው።»

«ምን ይላሉ?»

ፊታቸውን አየሁ። የሚሰድብ የለም። የሚያለቅስ የለም። ድንጋይ ያነሣም፣ ራሱን ገልጦ አንገቱን ለሰላምታ ዝቅ ያደረገም የለም። አላፊ ነጋዴ እንደሚታይ ነበር የሚያዩዋቸው። እናቱን ስላስታወሱለት የመረቃቸው፣ በሬ የተሰጣት፣ በንፍሯችን ነፍሱ የተረፈ፣ ልጁን ከቅጥራችን ሥር የቀበረ፣ ሁሉም እዚያው ቆሟል።

«ምንም አይሉም አባዬ» አልኳቸው።

«አንድም ሰው?»

«አንድም።»

በቅሎዋ ላይ ወደ ፊት አጎነበሱ። ሲፈረድባቸው እንኳ እንደዚያ የሚያጎነብሱ አይመስለኝም። ከከተማው ዳር ወታደሩ በእጁ፣ «ከዚህ ተመለሽ» አለኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ። አባቴ አልዞሩም፤ ቢዞሩም አያዩኝም ነበር።

ከወር በኋላ በሶና ጋቢ ቋጥሬ፣ ታስረውበታል ወደተባለው ወደ ኮረም እስር ቤት ወረድኩ። ዘበኛው ደብተሩን ገልጦ አላየም፤ ገና ስማቸውን እንዳልኩ፣ «ከዚህ ተዛውረዋል» አለኝ። ወዴት እንደሆነ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሌላ ቢሮ ላከኝ፤ ያኛውም መለሰኝ። ሁለት ቀን ደጅ ጠናሁ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው አዝኖልኝ መሰለኝ፣ «እናቴ፣ ተመለሺ፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሩቅ አይሄድም» አለኝ። በሶውን ሰጠሁት። ጋቢውን መልሼ ተሸከምኩና ዳገቱን ጀመርኩ።